በጽጌ የታረደው በግ

የልጄ ባል ቤቴ ሲገባ ጉልበቴን ሳይስም አይቀመጥም ነበር። የዘመኑ ልጅ እንዲህ አያደርግም። ጎረቤቶቼ እያዩ ይቀኑብኝ ነበር። «እንዴት ያለ ልጅ ሰጠሽ» ይሉኛል፤ እኔም ተመስገን እላለሁ። ስለ እሱ ያልኩት ተመስገን ዛሬም ያንገበግበኛል።

የምኖረው ሰበታ ነው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጧፍ፣ ሻማ፣ ነጠላና ማተብ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባሌ ካረፈ በኋላ አንዲት ልጄን ያሳደግኳት በዚያች ሱቅ ነው። ተምራ የሕፃናት አስተማሪ ሆነች። ሱሉልታ ሥራ አገኘች፤ እዚያው ከእሱ ጋር ተዋወቀች። በቁርባን ተጋቡ። አባት ስለሌላት በአባቷ ቦታ ቆሞ የዳራት ቡራዩ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው።

ካገባች በኋላ ልጄ ብቻዋን ቤቴ መጥታ አታውቅም። እሱ ያመጣታል፣ እሱ ይወስዳታል። ሰው «ታድላ፣ እንደ እንቁላል ነው የሚይዛት» ይል ነበር። ስደውልላት ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል፤ ስልኩን በላውድ ስፒከር አድርጋ ነው የምታወራው። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። አንዳንዴ እሷን የጠየቅኳትን እሱ ይመልስልኛል፤ ደህና ነን እማዬ፣ ትንሽ ደከም ብሏት ነው ይለኛል። ማስተማሯን ተወች። ለምን ስላት «ቤት ብሆን ይሻላል ተባባልን» አለች። ተባባልን። ማዕድ ላይ ውሃ ልትጨምር ስትል እንኳ ዓይኗ ቀድሞ ወደ እሱ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ዱላ የለበትም፣ ስድብ የለበትም፤ ስለዚህ ስም ሳይወጣለት አለፈ። አሁን ስሙን ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ይህን ያነበበች አንዲት እናት የልጇ ስልክ ለምን ሁልጊዜ በላውድ ስፒከር እንደሚሆን ብትጠይቅ ለእኔ ይበቃኛል።

ለመስቀል ሁለቱም መጡ። እሱ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ወደ ጎረቤት ወጣ። ልጄ ሻሿን እንዳሰረች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በበዓል ቀን ጸጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። ተማሪም ሆና፣ አስተማሪም ሆና እግሬ ሥር ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ነይ ልሥራሽ አልኳት። ራሴን ያመኛል አለች። እንግዲያው ሻሽሽን ላስተካክልልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ፊቷን በሁለት ክንዷ ከለለች።

የተዘረጋው የእኔ እጅ ነው። ያጠባት፣ ያጎረሳት እጅ። ሁለታችንም እጄን አየነው። ከዚያ ሻሿን ራሷ ፈታችው። ከጆሮዋ ኋላ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ጸጉር የለም። ቆዳው ቀልቷል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቆበታል። እየረገፈብኝ ነው አለች። ጸጉር ሲረግፍ አይቻለሁ፤ እንዲህ በአንድ በኩል ከነሥሩ አይረግፍም። ቀስ እያለች ነገረችኝ።

ጸጉሯን እጁ ላይ ይጠመጥመዋል። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በዚያ ይጎትታታል። ፊቷን አይነካም፤ ፊት ሰው ያየዋል። ሲበቃው ታጠቢ ይላትና ነጠላዋን አስለብሶ ሥዕሉ ፊት ያቆማታል። አብረው ጸሎት ያደርሳሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት።

«ፊቴን ግን ነክቶኝ አያውቅም እማዬ» አለችኝ፤ እንደ ውለታ ቆጥራለት።

እኔ ብዙ ነገር ችያለሁ። ባል ቀብሬያለሁ። ያንን ጸሎት ግን አልቻልኩትም። ለቤታቸው ጸሎት የሚያበሩትን ጧፍ ከሱቄ መርጬ የምልክላቸው እኔ ነበርኩ። ደህና የሚነደውን፣ ጭስ የሌለውን እመርጥ ነበር። ልጄ ከወለል ተነሥታ የምትቆመው በእኔ ጧፍ ብርሃን ነው።

እሱ ሳይመለስ ወጣን። ቦርሳዋንም አልያዘችም። የጣድኩትን ወጥ ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በጓሮው በር ወጥተን ጤና ጣቢያ ሄድን። በዓል ስለሆነ ተረኛ ነርስ ብቻ ነበረች፤ ገና ወጣት ናት። ቁስሉን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁኝ።»

እናቷ ነኝ አልኳት።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው» ብላ በሩን ዘጋችው።

በጣም ተናደድኩባት። ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስቆይ ግን ገባኝ። እናቷ ፊት ልጅ ሁሉን አትናገርም፤ የእናቷን ፊት እያየች ትቀንሳለች። በኋላ ስገባ ልጄ ለእኔ ያልነገረችኝን ለነርሷ ነግራታለች። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። የእሷ ነው።

ነርሷ ወደ ቤት ይዣት እንዳልመለስ መከረችኝ። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚፈልጋት እናቷ ቤት፣ ቀጥሎ አጎቷ ቤት ነው አለች። የተጎዱ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ሸሽገው የሚያኖሩ መጠለያዎች እንዳሉ ነገረችን። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለእነሱ የተለየ ክፍል አለ፤ ሐኪሙም፣ ፖሊሷም፣ ዐቃቤ ሕጓም እዚያው ይገኛሉ፤ ከዚያ ወደ መጠለያው ይልካሉ አለች። ልጄን፣ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እኔን አልጠየቀችኝም። ልጄ አዎ እስክትል ጠበቀችና ስልክ ደወለች።

እግዚአብሔር ይስጣት። ግን አስቡት፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር። የሠርግ አዳራሽ የት እንደሚከራይ አውቃለሁ። የለቅሶ ድንኳን የት እንደሚገኝ፣ ማኅበር ማን ቤት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ልጅ ከባሏ የምትሸሸግበትን ግን በዕድር ስብሰባም፣ በማኅበርም፣ በጉባኤም አንድ ሰው እንኳ አንሥቶት አያውቅም። ይህን ያህል ዓመት ተሰብስበን ስንበላ ምን ስናወራ ነበር?

በዚያው ቀን ሆስፒታሉ ደረስን። የሚያዩትን አይተው፣ የሚጠይቋትን ጠይቀው ሲጨርሱ መኪና መጣ። እኔ አብሬ እንድሄድ አልተፈቀደልኝም። መጠለያው ያለበት ቦታ ለቤተሰብ አይነገርም፤ ለእናትም አይነገርም። ልጄን የወሰደቻት ሴት እጄን ይዛ «የማያውቁትን ማንም ከአፍዎ አያወጣም» አለችኝ። ልጄ በመስኮቱ አየችኝ። ሻሽ አላሰረችም። መኪናው ሲነሣ የሚታጠፍበትን እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

በማግስቱ ባሏ መጣ። ጉልበቴን ሳመ። የት ናት አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ እውነቴን ነው። አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ እንባ ለማንም ይመጣል።

በመከሩኝ መሠረት ላመለክት አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ልጅ በኦሮምኛ አናገረኝ፤ በኦሮምኛ መለስኩለት። «ሃርሜ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። ሃርሜ፣ ይሄ የጃርሳ ነገር ነው፣ ሽማግሌ ይዩት፣ ባልና ሚስት ነገ ይታረቃሉ አለኝ። እህት አለችህ ወይ አልኩት። አለችኝ አለ። ቀጥሎ አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ደግነቱ አለቃው ከውስጥ ሰምቶ ወጣ፤ አስቀምጦ ቃሌን ተቀበለኝ። እሱንም እግዚአብሔር ይስጠው። ግን አለቃው ያን ቀን ባይገባስ ኖሮ? የልጄ ነገር በአንድ ሰው ሥራ መግባትና አለመግባት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ባሏ ከእኔ ቤት ቀጥሎ የሄደው ነርሷ እንዳለችው ቡራዩ ነው። ወንድሜ ደወለልኝ።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ባሌ ሲሞት ቤቴ እንዳይፈርስ የያዘኝ እሱ ነው። ለዚህም ነው ያቃጠለኝ። ልጅ ደብቀሽ ትዳር ታፈርሻለሽ ወይ አለኝ። በቁርባን የተጋባ አይፋታም አለኝ። ይህን ለእኔ! ሰውዬው ተጸጽቷል፣ ቤቴ መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ አለ። ጸጉሯን ነገርኩት። «ወንድ ልጅ ሲናደድ እኮ፣ እቴ» አለኝ። አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም፤ ስልኩን ዘጋሁት። በታላቅ ወንድሜ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ በየሳምንቱ እሑድ ትደውልልኛለች። ድምፅዋ አሁን ከቅርብ ይመጣል፤ ላውድ ስፒከር የለም። መጀመሪያ መጀመሪያ ደህና ነበረች። የአልጋ ጎረቤቷ ከደቡብ መጥታ ገላን ፋብሪካ ስትሠራ የነበረች ሴት ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ማታ ማታ እየዘመረች ታስቀኛለች አለችኝ። ስሚኝማ፣ የእኔን ዜማ አስተምሪያት አልኳት። እያደር ግን ድምፅዋ ደከመ። ሕፃናት ያለቅሳሉ። ቀኑ አይመሽም። ሰው ምን ይላል እያለች ማሰብ ጀመረች። አንድ እሑድ እንዲህ አለችኝ፤

«እማዬ፣ አንቺ ተመለሺ ካልሽኝ እመለሳለሁ።»

እህል ቅመሽ ብቻ አልኳት። ስልኩ ሲዘጋ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መጠለያው አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ አድራሻው አይታወቅም። በልጄ ጸጉርና በዚያ ሰው እጅ መካከል የቀረው ግን የእኔ አፍ ነው። ተመለሺ ካልኩ አጥሩም ዘበኛውም ዋጋ የለውም።

ወንድሜ ይህን አላወቀም። ሽምግልና ግን ያውቃል። ልጅቷ ካልተገኘች ሰውዬው መጀመሪያ ከእናቷ ጋር ይታረቅ ብሎ ወሰነ። በግ ይታረዳል፤ ሽማግሌ ባለበት እሱና እኔ ከአንድ ማዕድ እንበላለን። በእርቅ ማዕድ የበላ ሰው ቃሉን ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ አላውቅም፣ አልሰማሁም የለም። በላሁ ማለት ልጄን ይዤ ልመጣ ማልኩ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ሄድሽ ትሉኝ ይሆናል። ብቀር በሌለሁበት ታርቃለች ይሉኝ ነበር። ሰው በሌለበት ይቅር የሚያሰኙ ሰዎች ናቸው።

ቅዳሜ ቀን ነበር። ቡራዩ ስደርስ ግቢው ታጥቧል፤ የበጉ ቆዳ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ወንድሜ። ሁለተኛው የሰፈሩ ቄስ፣ ወንድሜ ራሱ የጠራቸው። ሦስተኛው ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸው የግድግዳ ጎረቤቱ ናቸው፤ ያ ሰፈር እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

ባሏ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ መግባት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ራስን ማዋረድ ነው። ድንጋዩን አየሁት። ታጥቧል። ኮቱን እንዳያቆሽሽበት አጥቦታል። ልጄን በጸጉሯ የጎተተ ሰው ለኮቱ አስቦ ድንጋይ አጥቦ መጣ። እግሬ ሥር ተደፋ። ይቅር ለእግዚአብሔር ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። አላልኩም። ዝምታዬ ሲረዝምባቸው ወንድሜ ከጎኔ ተነሣና «በቃ ተነሥ ልጄ፣ ይቅር ብላሃለች» አለው። ድንጋዩን አወረደለት።

ይቅር ብላሃለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ።

እጅ አስታጠቡን። ትሪው ቀረበ፤ ጥብሱ ይጤሳል። ኦቦ ቁራሽ አነሡ። ቄሱ ባረኩ። ባሏ ጠቅልሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ እኔ ዘረጋ።

«እማዬ፣ ከእጄ ይጉረሱልኝ።»

እጁን አየሁ። ጥፍሩ በደንብ ተቆርጧል፤ ንጹሕ እጅ ነው። ጸጉር የሚጠመጠምበት እጅ እንዲህ ነው የሚመስለው። ቅባቱ በጣቱ እየወረደ ትሪው ላይ ይንጠባጠባል። ሁሉም አፌን ያዩታል።

«ጽጌ ላይ ነኝ» አልኩ።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ወንድሜ ራሱን ያዘ። ረስተውታል። ረቡዕ አለመሆኑን አይተዋል፣ ዓርብ አለመሆኑን አይተዋል፤ የጽጌን ጾም አላሰቡትም። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ብዙ ሰው አይጾመውም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምጾመው ወንድሜ ያውቃል። ሚስቱን ለጸሎት የሚያቆመው ሰውዬ ደግሞ ወሩ የማን እንደሆነ ትዝ አላለውም።

ወንድሜ ሳቀ፤ ነገሩ ቀላል ሆኖ ስለተገኘ ነው የሳቀው። እህቴ እኮ ድሮም እንዲህ ናት፣ ሁሉም ሲፈታ እሷ ትይዛለች፣ ገነት ስትገባ በር ላይ ቆማ ሌሎቻችንን ትቆጥረናለች አላቸው። ሳቁ። ባሏም ሳቀ፤ ጉርሻውን ግን አላወረደም። ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ የፈቃድ ጾም ነው። ለእርቅ ሲባል እፈታሻለሁ። ተቀበዪው።»

እኔ የካህን ቃል የማከብር ሴት ነኝ። መሸሸጊያዬን በአንድ ቃል ወሰዱብኝ። አሁን በእኔና በዚያ ጉርሻ መካከል ምንም የለም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ጽጌ የምን መታሰቢያ ነው?»

«የእመቤታችን ስደት ነዋ።»

«ከማን ነው የተሰደደችው?»

«ከሄሮድስ። ልጇን ሊገድልባት ሲሻ።»

«ተመለሺ የተባለችው መቼ ነው?»

ቄሱ መስቀሉን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት።

«ከሞተ በኋላ» አሉ።

«እንግዲያው ጾሙን ቢፈቱልኝም አልበላም» አልኩ። «ነገሩ የጾም አይደለም። ጾም ባይሆንም አልበላም። እሱም ከእኔ ቤት ከእንግዲህ አይበላም።»

ወንድሜ ሰውዬውን ሄሮድስ ልትዪው ነው ወይ ብሎ ጮኸ። እኔ ምንም አላልኩም፤ አባ ናቸው የተናገሩት። ባሏ ጉርሻውን ትሪው ላይ ጣለው። ያን ጊዜ ለአንድ አፍታ ፊቱን አየሁት፤ ልጄ ሳሎን ወለል ላይ ሆና የምታየውን ፊት። ሌሎቹም አዩት። ወዲያው ሰበሰበውና እጁን አጣጥፎ ለመነኝ፤ እማዬ፣ የት እንደሆነች ብቻ ይንገሩኝ አለ። ወንድሜም የት ናት አለ። ልጅቷ የት ናት?

ለወር ያህል የሰማሁት ቃል ነው። ስልክ ላይ የት ናት፣ ሱቄ መጥተው የት ናት፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስቁመው የት ናት። ተነሣሁ።

«ሁላችሁም የት ናት ብላችሁ ጠይቃችሁኛል» አልኩ። «እንዴት ናት ያለኝ የለም። ከእናንተ አንድ ሰው እንዴት ናት ብሎ አልጠየቀኝም። ጋሼ፣ አንተ በአባቷ ቦታ ቆመህ የዳርካት፣ አንድ ቀን ጸጉሯ በቀለ ወይ ብለኸኛል? አንተስ ባሏ? አንተ የነቀልከውን፣ በቀለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል?»

ገመዱ ላይ ያለው ቆዳ ዝንብ ይዞታል። ነጠላዬን አጣፋሁ።

ኦቦ በእጃቸው የያዙትን ቁራሽ ሳይቀምሱት ትሪው ዳር አስቀመጡት። በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉና እንዲህ አሉኝ፤

«አከም ጅርቲ?»

እንዴት ናት ማለት ነው። ቡራዩ መንገድ ላይ ሰው ለማያውቀው ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሳይል አያልፍም። ያን ሰላምታ ለልጄ ያደረሱላት እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር።

«እንቅልፍ ጀምራለች ኦቦ» አልኳቸው። «አሁን ሌሊት ትተኛለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው በኦሮምኛ፣ እኔም እንድሰማ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እኔ ከዚህ በግ አልበላም፣ ልጅቷ ራሷ ወዳ ሳትጠራን በዚህ ነገር ሽማግሌ ነኝ አትበል አሉት። ተነሥተው በአጥሩ በር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቄሱም ተነሡ። ወደ እኔ መጥተው የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። በጸሎት አስባታለሁ አሉኝ። ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ተቆጥቼባቸዋለሁ፤ ግን ጠይቀውኛል።

ወንድሜ እስከ በሩ ተከትሎኝ መጥቶ ሰው ፊት አዋረድሽኝ አለኝ። የልጄ ውርደት ይበልጣል አልኩት። አሁንም አይደውልልኝም። እኔም አልደውልለትም። እጸልይለታለሁ፤ ተናድጄ እጸልይለታለሁ። እግዚአብሔር እንዲህም ያለውን ጸሎት ይቀበል እንደሆነ አላውቅም።

ከቡራዩ ሰበታ ታክሲ እየቀያየርኩ ስመጣ እርካታ አልተሰማኝም። ተናድጄ ነው የመጣሁት፤ ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ። የልጄ ነገር ፍርድ ቤት ነው፤ ይቀጠራል፣ ይቀጠራል። ሰውዬው አሁንም ሱሉልታ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ፊት ቆሞ ያስቀድሳል ይሉኛል። ጧፍ ከማን እንደሚገዛ አላውቅም።

በማግስቱ እሑድ ልጄ ደወለች። በጉን፣ ድንጋዩን፣ ጉርሻውን ነገርኳት። ድንጋዩን ማጠቡ ላይ ስደርስ ሳቀች። ካገባች ጀምሮ ያንን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር፤ ሳዳምጣት ቆየሁ። ተመስገን።

«ታዲያ ምን ልትዪኝ ነው?» አለችኝ ሳቋ ሲያልቅ። «ልመለስ?»

«አትመለሺም።»

«እሺ» አለች። ከዚያ «እማዬ» አለች።

«አቤት።»

«ጸጉሬ ብቅ ብሏል። አጭር ነው። ስነካው እጄን ይወጋኛል።»

«ይውጋ» አልኳት።